ኤምአርአይ ላይ ነጩ የአንጎል ክፍል ተነክቷል ተባልን፤ በሽታው ከምስሉ አይታወቅም እንዴ?

አክስት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴ ልጅ 7 ዓመቱ ነው። ትምህርት ላይ ደከመ፣ የሚነገረውም በደንብ የሚሰማው አይመስልም፣ ከዚያ ኤምአርአይ ተነሳ። ሪፖርቱ «ከኋላ በኩል በግራም በቀኝም ነጩ ክፍል ተነክቷል፣ ሉኮዲስትሮፊ ሊሆን ይችላል» ይላል፤ ነጩን የአንጎል ክፍል የሚያበላሹ በዘር የሚመጡ በሽታዎች የጋራ ስም ነው አሉን። የትኛው እንደሆነ ግን አልጻፉም። ታናሽ ወንድም አለው፣ እሱ ደህና ነው።

ራዲዮሎጂ ላይ ያለሁ፦
አይዞሽ። ቲ2 በሚባለው ምስል የተጎዳ ማይሊን (የነርቭ ክሮችን የሚሸፍነው ስባማ ልባስ) በየትኛውም በሽታ ነጭ ሆኖ ያበራል። እኛ የምናየው የት እንደሆነ ነው። ከኋላ ጀምሮ ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚያገናኘውን ድልድይ የኋላ ጫፍ ከያዘ፣ ወንድ ልጅ ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አድሬኖሉኮዲስትሮፊ ነው። ከፊት በኩል ሆኖ ጭንቅላቱም ትልቅ ከሆነ አሌክሳንደር የሚባለውን በሽታ እንጠረጥራለን። ሜታክሮማቲክ በሚባለው ሉኮዲስትሮፊ ደግሞ ነጩ ክፍል ውስጥ እንደ ታይገር ቆዳ ሽንትር ሽንትር ያለ መስመር ይታያል። ነጩ ክፍል ሟሙቶ ፈሳሽ የሚመስልበትም አለ። ግን ቦታው ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም፣ የሚያረጋግጠው የደምና የጂን ምርመራ ነው። ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት) ተሰጥቶታል?

አክስት፦
አልተሰጠውም መሰለኝ። ለውጥ አለው?

ራዲዮሎጂ ላይ ያለሁ፦
አለው። አድሬኖሉኮዲስትሮፊ ከሆነ የቁስሉ ዳር ኮንትራስት ሲይዝ በሽታው አሁን እየገፋ ነው ማለት ነው። ጠይቂያቸው።

የአንድ ታማሚ እናት፦
ስለ ታናሹ ማንም አላነሳም እኮ! አድሬኖሉኮዲስትሮፊ በእናት በኩል በኤክስ ክሮሞዞም ነው የሚተላለፈው፣ ከተረጋገጠ ታናሹም የመያዝ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። በጣም ረጅም ሰንሰለት ያላቸው የስብ አሲዶች የሚባል የደም ምርመራ አለ፣ ለወንዶች በደንብ ይለያል። ልጁ ደህና ስለሆነ፣ ኤምአርአዩም ንጹህ ስለወጣ ብላችሁ እንዳትተዉት። የተበላሸው ጂን ካለበት ከ3 እስከ 12 ዓመቱ በየስድስት ወሩ ኤምአርአይ ይነሳል፣ ምክንያቱም የስቴም ሴል ንቅለ ተከላ (ደም የሚሠሩ ሴሎችን ከሌላ ሰው ወስዶ መተካት) የሚጠቅመው ቁስሉ ትንሽ ሳለ ነው። ብዙ ከሰፋ በኋላ አያቆመውም።

ነርስ፦
አድሬኖሉኮዲስትሮፊ ከኩላሊት በላይ ያለውን አድሬናል ዕጢም ይጎዳል፣ እሱንም አስመርምሩ፣ ለሁለቱም። ዕጢው የሚያመነጨው ኮርቲዞል የሚባል ሆርሞን ካነሰ ልጁ ቀላል ትኩሳት ወይም ትውከት ሲይዘው በድንገት ሊወድቅ ይችላል። ይሄ በመድኃኒት የሚያዝ ነገር ነው፣ የጂን ውጤት እስኪመጣ አትጠብቁ።

አክስት፦
የደም ምርመራውን ነገ እናሠራለን። ታናሹንም ይዘን እንሄዳለን።