ቤት የተሠራ የሮኬት ማቀጣጠያ፦ ይፈቀድ ወይስ ይቅር?

አወያይ፦ ከአባሎቻችን አንዳንዱ የሮኬት ሞተሩን የሚያስነሳው ራሱ በሠራው የኤሌክትሪክ ማቀጣጠያ ነው። «የፋብሪካ ብቻ ይሁን» የሚል ደንብ ይውጣ ተብሏል። ምን ትላላችሁ?

ሽቦ ወዳድ፦ እቃወማለሁ። የፋብሪካውስ አይከሽፍም? የኔን 10 ሞከርኩ፣ 10ሩም ነደዱ። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

ቆጣሪው፦ ቀስ በል ወንድሜ። ከ10 አንድም ካልከሸፈብህ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት የምትለው «ከ26 በመቶ በላይ አይከሽፍም» ብቻ ነው። ከአራት አንዱ ሊከሽፍ ይችላል ማለት እኮ ነው! 30 ነደው ካለቁ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። ያውም ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ባትሪ ነው የሞከርካቸው።

ሽቦ ወዳድ፦ 30 ካነደድኩ ለሮኬቱ ምን ሊተርፈኝ ነው? ሃሃ።

ቀይ ቁልፍ፦ እኔን የሚያስፈራኝ የከሸፈው አይደለም፣ የዘገየው ነው። አንድ ጊዜ ቁልፉን ተጫንኩ፤ ዝም። አንዱ ልጅ ሊያየው ሁለት እርምጃ እንደተራመደ ከሥር ቀጭን ጭስ አየሁና ጮህኩ። ሮኬቱ ወዲያው ተነሳ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሮኬት ማኅበር ደንብ «የደኅንነት ቁልፉን ንቀሉ ወይም ባትሪውን አላቁ፣ 60 ሰከንድ ሳይሞላ ማንም አይጠጋ» የሚለው ወዶ አይደለም። በፈሳሽ ነዳጅ ሞተር ደግሞ ይብሳል። እሳቱ ሲዘገይ ነዳጁና ኦክሲዳይዘሩ (ነዳጁ እንዲነድ ኦክስጅን የሚሰጠው) ማቃጠያ ክፍሉ ውስጥ ይጠራቀማሉ፤ ከዚያ በአንዴ ሲነድ ሞተሩን ሊበትነው ይችላል። ስለዚህ «ነደደ» ብላችሁ ብቻ አትመዝግቡ። በቪዲዮ ቅረጹና ከቁልፉ እስከ እሳቱ ያለውን ጊዜ ለኩ።

አዲስ ገቢ፦ የኔ ማቀጣጠያ የፍተሻ መብራቱ (ኮረንት ማለፉን የሚያሳየው) በርቶ ሳይነድ ቀረ። ለምን ይሆን?

ቀይ ቁልፍ፦ ሁለቱ ሽቦዎች ጫፋቸው ጋ ተነካክተው ይሆናል። ሾርት ነው። ኮረንቱ በአቋራጭ ስለሚያልፍ መብራቱ ይበራል፤ ግላ እሳቱን የምታስነሳው ቀጭኗ የኒክሮም ሽቦ ጋ ግን የሚበቃት አይደርስም። ሞተሩ ውስጥ ሳታስገባ በቴስተር ለካው። ኦሙ (ሽቦው ኮረንቱን የሚቋቋምበት መጠን) ከወትሮው ካነሰ ጠርጥር።

ቆጣሪው፦ በአንዴ ሦስት ሞተር ለሚያስነሱትም ልጨምር። እያንዳንዱ ማቀጣጠያ 95 በመቶ ቢታመን እንኳ ሦስቱም የመንደድ ዕድላቸው 86 በመቶ ገደማ ነው። አንዱ ከቀረ ሮኬቱ ወደ ጎን ይታጠፋል።

ሽቦ ወዳድ፦ እሺ፣ ለሦስቱ ይከልከል። ለፈሳሹም። ለአንድ ሞተር ግን አልለቅም። ቅዳሜ 20 ልጨምርበት ነው፤ ማን ይቀርጽልኛል?

ቀይ ቁልፍ፦ እኔ። ባትሪውን ግን እኔ ነኝ የምመርጠው።