የአባቴ አኮርዲዮን እንዴት ይታደሳል? አምባሰልስ በዩኩሌሌ ይወጣል?

ጠያቂዋ፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እህቴ ያለችው ቤይሩት ነው። አንድ ማታ ስለ ከተማው ቪዲዮ ስፈልግ «ቤይሩት» የሚባል ባንድ ወጣልኝ። ባንዱ የሊባኖስ አይደለም። ዛክ ኮንደን የሚባል የኒው ሜክሲኮ ልጅ የመሠረተው ነው፤ የመጀመሪያ አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቷል። ግጥምና ዜማውን ራሱ ይሠራል፣ ራሱ ይዘፍናል፣ ትራምፔትም ይነፋል። ልቤን የወሰደችው ግን ደረቱ ላይ የያዛት ትንሽዬ ባለ አራት ክር ዩኩሌሌ ናት። መሀል ላይ አኮርዲዮን ሲገባ አባቴ ከጓዳ ተጣራ። «ማነው እሱ? እስቲ ድምፁን ጨምሪው!»

አባቴ በደርግ ጊዜ ኪነት ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወት ነበር። መሣሪያው ከሃያ ዓመት በላይ አልጋ ሥር ተኝቷል። በማግስቱ አወጣነው። ወናፉን ስንስበው አንድ ድምፅ ማንም ሳይነካው ይጮኻል። ሌላ ቁልፍ ደግሞ ሲሳብ ይሰማል፣ ሲገፋ ዝም ይላል። አንድ ጥገና ቤት ብወስደው ዘይት ልርጭበት አሉኝ። ፈራሁና ይዤው ተመለስኩ።

እቤት ምን ማድረግ እችላለሁ? ዩኩሌሌ ብገዛስ የእኛ ቅኝት ይወጣበታል? ከአባቴ ጋር አንድ ዜማ አብሬው ብጫወት ሌላ ምንም አልፈልግ።

የቦርከና ልጅ፣ ኮምቦልቻ

አብሽሪ እህቴ፣ የነገርሽን ሁለቱም የሚድን በሽታ ነው። ዘይቱን መከልከልሽ ደግሞ አኮርዲዮኑን አትርፎታል። ውስጡ ቆዳ፣ ሰምና ቀጭን የብረት ምላስ ነው። ዘይት ከገባበት ቆዳው ይጣበቃል፣ አቧራውም ጭቃ ይሆናል።

ሳይነካ የሚጮኸው ቁልፉ ጨርሶ ስላልተከደነ ነው። በቁልፎቹ በኩል ያለውን ሽፋን ብሎኖች ፍቺ። ከሥሩ እያንዳንዱን ቀዳዳ የሚደፍን ክዳን ታያለሽ። አንዱ ከፍ ብሎ ይሆናል፣ ወይ ሥሩ ቆሻሻ ገብቷል። በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊው። ክዳኑን በኃይል እንዳታጣምሚው።

ሲገፋ ዝም የሚለው ሌላ ነው። ለአንድ ድምፅ ሁለት ምላስ አለ፤ አንዱ ሲሳብ፣ አንዱ ሲገፋ ይጮኻል። የመግፊያው ላይ ብናኝ ተቀርቅሮ ወይም ዝጎ ይሆናል። እሱን ለማየት ወናፉ መፈታት አለበት። የወናፉ ሚስማሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቀዳዳ አላቸው። ከተምታቱ አየር ያስወጣሉ። ስለዚህ ካርቶን ላይ በተራ ሰክተሽ ቁጥር ጻፊባቸው። እጅሽ ካመነታ ግን እሱን ለእኔ ተዪው።

ወናፉን እንዲህ ፈትሺው። ማሰሪያውን ፍቺ፣ በቁልፎቹ በኩል አንጠልጥለሽ ያዢ፣ ምንም ሳትነኪ ባሱ (የግራ እጁ ወገን) በራሱ ክብደት ወደ ታች ይውረድ። ቀስ ብሎ ከወረደ ጤነኛ ነው። ዱብ ካለ ያፈሳል። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው በማዕዘኖቹ ነው፤ ቀጭን የበግ ቆዳ በነጭ ኮላ ይለጠፍበታል። ሱፐር ግሉ እንዳታስነኪው፣ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስትዘጊው ደግሞ የአየር ማስወጫውን ቁልፍ ተጭነሽ ይሁን። ፀሐይ ላይ አታስጪው፣ ምላሶቹን የያዘው ሰም ይቀልጣል። እዚህ ኮምቦልቻ መኪና ውስጥ ረስቼው አንድ ረድፍ ምላስ ወልቆብኛል፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ክራር ወዳዷ፣ ሐይቅ

ስለ ዩኩሌሌው እኔ ልመልስ። በጣም ደስ የሚል ነገር አለው። አራቱ ክሮች ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ተብለው ይቃኛሉ። ትዝታ ሜጀር ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አየሽ? ከአምስቱ አራቱን ጣትሽን ሳታሳርፊ ታገኛቸዋለሽ! የቀረችው ሬ ብቻ ናት፤ እሷም የዶ ክር ሁለተኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው አግዳሚ መስመር) ላይ አለች። እነዚሁን አምስት ድምፆች ይዘሽ መነሻሽንና ማረፊያሽን ላ ካደረግሽ ባቲ ማይነር ይሆንልሻል።

አምባሰል ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ነው። ሚ ክፍት፣ ፋ እዚያው ክር አንደኛ ፍሬት። ከዚያ ወደ ላ ክር ውረጂ፤ ላ ክፍት፣ ሲ ሁለተኛ፣ ዶ ሦስተኛ። በቃ። ከሚ ወደ ፋ ያቺን ጠባብ እርምጃ ስትረግጪ የአምባሰል ገደል ፊትሽ ይመጣል።

ስትገዢ ሶፕራኖ ከሚባለው ትንሹ ይልቅ ኮንሰርት የሚባለውን እመርጥልሻለሁ፣ ለጣት ይመቻል። ክሩ ናይለን ነው፤ አዲስ ሲሆን ስለሚለጠጥ የመጀመሪያውን ሳምንት ሁልጊዜ እየቃኘሽ ተጫወቺ። ለአባትሽ ደግሞ ንገሪልኝ፣ በግራ እጅ የተዘጋጁትን ኮርዶች (አንድ ላይ የሚጮኹ ድምፆች) ትተው የባሱን ነጠላ ድምፅ ብቻ ይያዙልሽ። ኮርዱ ብዙ ጊዜ ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ ይዞ ይገባል።

የአራዳው አዛውንት፣ ደሴ

ልጄ፣ ለአባትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እኔም በዚያ ዘመን ኪነት ውስጥ ከበሮ እመታ ነበር። አኮርዲዮን ያለው ሰው መብራት ቢጠፋም መድረኩን ይዞ ይቀጥላል። ስለዚህ እናከብራቸው ነበር።

የዋሊያስ ባንዱን ኃይሉ መርጊያን አሰሚያቸው። አሜሪካ ከቀረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮን ይዞ የድሮ ዜማዎችን በካሴት ቀድቷል። በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው። አኮርዲዮኑ ከኪቦርድ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር አዳምጡ። ለአንቺና ለአባትሽ ጥሩ መንገድ ያሳያል።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም! ትናንት ማታ ሽፋኑን ፈታሁት። ክዳኑ ሥር የተቀረቀረው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አንዲት የገብስ ቆሎ! በወስፌ ሳወጣት ጩኸቱ ቀጥ አለ። አባቴ ቆሎዋን መዳፉ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። «ልምምድ ላይ እናትሽ ታመጣልን ነበር» አለኝ።

ወናፉ ግን ዱብ ይላል፣ አንዱ ማዕዘን ተልጧል። ሲገፋ ዝም የሚለውም እንደዚያው ነው። ቢሆንም አባቴ ማንገቻውን አጠለቀ። ከባሶቹ መሀል የዶዋ ቁልፍ ጎድጎድ ያለች ምልክት አላት። ጣቱ ሳያይ ሄዶ እሷ ላይ አረፈ።

የቦርከና ልጅ፣ ኮምቦልቻ

ቅዳሜ ይዘሽው ውረጂ። በጋቢ ጠቅልይው፣ መኪናው ጣሪያ ላይ እንዳይጭኑብሽ፣ እንደሚጫወቱት ቁመናው ታፋሽ ላይ ይቀመጥ። ቆዳውም ኮላውም እኔ ጋ አለ። አባባም ቢመጡ ደስ ይለኛል፣ ድምፁን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።