ጂፒዬ «ጥሩ» ተብሏል፣ የጥርስ ክሊኒኬ ለምን ባዶ ሆነ?

ጠያቂዋ፣ ከሊድስ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ እንዴት ሰነበታችሁ። እንግሊዝ ከገባሁ ስምንት ወሬ ነው። የታችኛው መንጋጋዬ ሌሊት ሌሊት ያስለቅሰኛል። ከስንት ስልክ በኋላ አዲስ የኤንኤችኤስ (የመንግሥት ጤና አገልግሎት) ታካሚ የሚቀበል ክሊኒክ አግኝቼ ቀጠሮ ያዝኩ። ከዚያ አላርፍ ብዬ ሲኪውሲ የሚባለው የጤና ተቋማት ተቆጣጣሪ ድረ ገጽ ላይ ገባሁ። የጂፒዬን፣ የሰፈር ሐኪም ቤቴን ማለት ነው፣ ስም ስጽፍ «ጥሩ» ይላል። የጥርስ ክሊኒኩን ስጽፍ ምንም ደረጃ የለውም፣ ባዶ። ፎርም ልሞላ ሄጄ ሳይ ግን ግድግዳው ሁሉ በፍሬም ምስክር ወረቀት ነው። ግራ ገባኝና ቀጠሮውን ልሰርዘው ነው። ደግሞ አንዲት የሰፈር ልጅ «ቤቷ ሆና ጥርስ የምታጥብና የምታነጣ አበሻ አለች፣ በግማሽ ዋጋ» ብላኛለች። ምን ትሉኛላችሁ?

የጥርስ ነርስ፣ ከበርሚንግሃም

እህቴ፣ በማርያም እንዳትሰርዢው! ያንን ቀጠሮ የሚመኝ ስንት ሰው አለ።

ሲኪውሲ ለጥርስ ክሊኒክ ደረጃ አይሰጥም። ለሆስፒታል፣ ለጂፒ፣ ለአረጋውያን መጦሪያ ይሰጣል። የጥርስ ክሊኒኮችን ከ2011 ጀምሮ ይቆጣጠራል፤ ግን የሚለው «ደንቡን አሟልቷል» ወይም «አላሟላም» ብቻ ነው። ስለዚህ ባዶ መሆኑ አያስፈራሽ። ሪፖርቱን ክፈቺና «አላሟላም» የሚል ካለ ምኑን እንደሆነ አንብቢ። ቀኑ ቆየት ቢልም አትደንግጪ፣ ሁሉም ጋ በየዓመቱ አይሄዱም።

እኛ ጋ የመጡ ዕለት ተቆጣጣሪዋ ገና ኮቷን ሳታወልቅ የድንገተኛ መድኃኒት ሳጥኑን አስመጣች። አድሬናሊኑን፣ አስፕሪኑን፣ የአስም መንፊያውን አንድ በአንድ እያነሳች የሚያበቃበትን ቀን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አሁን እዚህ ወንበር ላይ ሰው ራሱን ቢስት ኦክስጅኑን ከየት ታመጫለሽ?» አለችኝ። ከአፌ እግሬ ቀደመ። የአውቶክሌቩን (የመሣሪያ መቀቀያ ማሽኑን) መዝገብ፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባቴን ማስረጃ፣ የኤክስሬዩን ወረቀት ሁሉ አገላብጣ ሄደች። ግድግዳ ላይ ያለውን ፍሬም ቀና ብላም አላየችው። ከዚያ ውስጥ አንዳንዱ በፈቃደኝነት ተከፍሎ የሚገባበት የጥራት ፕሮግራም ነው። ክፉ አይደለም፣ ግን ሕግ አያስገድደውም።

ሲኪውሲ የሚያየው ቤቱን ነው። ሰውየውን የሚይዘው ጂዲሲ፣ የጥርስ ባለሙያዎችን የሚመዘግበው አካል ነው። የሐኪሙን ስም መዝገባቸው ላይ በነፃ ትፈልጊያለሽ፤ ቁጥሩ፣ የተመዘገበበት ቀን፣ ገደብ ካለበትም ይወጣል። ሐኪሙ ብቻ እንዳይመስልሽ። እኛ ነርሶቹም ከ2008 ወዲህ ሳንመዘገብ መሥራት አንችልም፤ በሥልጠና ላይ ላለች ብቻ ነው የሚፈቀደው። ደግሞ ተመዝግቦ መተኛት የለም። በ5 ዓመት ውስጥ ሐኪም 100 ሰዓት፣ ነርስ 50 ሰዓት ትምህርት መቁጠር አለበት። እኔ ሁሌ መጨረሻው ዓመት ላይ ነው የምሯሯጠው፣ እሱን ተዉት።

ወንበሩ ላይ ስትቀመጪ መሣሪያው ከከረጢቱ ተቀዶ ሲወጣ እዪ። ቀን ተጽፎበታል፣ እንፋሎት ሲነካው ቀለሙን የሚለውጥ ምልክትም አለው። ምልክቱ ማሽን ውስጥ መግባቱን ነው የሚነግርሽ፤ በትክክል መቀቀሉን የሚናገረው የማሽኑ መዝገብ ነው፦ ከ134 እስከ 137 ዲግሪ፣ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ። ስለ ጽዳቱ ብትጠይቂ ማንም አይቆጣሽም። ከተቆጣሽ ያኔ ሌላ ፈልጊ።

ከማንቸስተር

ስለ ቤት ውስጥ ማንጣት እኔን ጠይቂኝ። ለሠርግ ብዬ አንዲት ልጅ ሳሎን ሶፋ ላይ ተጋድሜ ተቀባሁ። ድዴ እንደ ተላጠ ድንች ነጭ ሆነ። ሠርጉ ላይ ጥብስ እያየሁ ሾርባ ጠጣሁ። ለካ እዚህ አገር ጥርስ ማንጣት የጥርስ ሕክምና ነው፤ ጂዲሲ ያልመዘገበው ሰው ከሠራው ወንጀል ነው። ከ0.1 በመቶ በላይ፣ እስከ 6 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ያለበት ማንጫ የሚሸጠው ለጥርስ ባለሙያ ብቻ ነው። የኔዋ ጠርሙስ ላይ ምንም አልተጻፈም ነበር። ለማን አቤት ልበል? «አበሻ ናት» ብዬ ዝም አልኩ።

አንድ አባት፣ ከለንደን

ልጆቼ፣ ሌላኛውንም ወገን እዩልኝ። የወንድሜ ልጅ አገር ቤት ስድስት ዓመት ጥርስ ሲነቅልና ሲሞላ የኖረ ሐኪም ነው። እዚህ መጦሪያ ቤት ሽማግሌ ያጥባል። ለመመዝገብ የጂዲሲን የውጭ አገር ሐኪሞች ፈተና እየጠበቀ ነው፤ ሁለት ክፍል ነው፣ ለእያንዳንዱ አራት ዕድል ብቻ። ችግሩ ፈተናው ብቻ አይደለም፣ ወረፋው ነው። ድሮ በውጭ ዲግሪያቸው በጥርስ ቴራፒስትነት (ከሐኪሙ በታች ባለ ሙያ) ወይም በጥርስ ነርስነት የሚመዘገቡ ነበሩ፣ እሱም በር በ2023 ማርች ተዘጋ። ዘመድ ሁሉ «እስቲ ጥርሴን እይልኝ» ይለዋል። አፍ ውስጥ እጁን አይከትም። ሰው ኩራት ይመስለዋል። እዚህ አገር ሳይመዘገብ ቢነካ የመመዝገብ ዕድሉን ሊያበላሽ እንደሚችል ማን ያስረዳቸው?

የጥርስ ነርስ፣ ከበርሚንግሃም

ጋሼ ልክ ነዎት። እስከዚያው የነርስነት ሥልጠና ቦታ ካገኘ ይያዝ፣ ቢያንስ ከወንበሩ አጠገብ ይሆናል። እህቴ፣ አንቺ ደግሞ አደራ፣ ቅሬታ ቢኖርሽ መጀመሪያ ለክሊኒኩ በጽሑፍ ነው። ካልተስማማሽ የኤንኤችኤስ ከሆነ ወደ ኦምቡድስማኑ (ገለልተኛው ቅሬታ ሰሚ)፣ የግል ከሆነ ጂዲሲ ገንዘብ ወደሚሰጠው የጥርስ ቅሬታ አገልግሎት።

ጠያቂዋ፣ ከሊድስ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዛሬ ሄጄ መጣሁ። የሐኪሙን ስም ከጂዲሲ መዝገብ ላይ አገኘሁት፣ ንጹሕ ነው። ነርሷ ከረጢቱን ቀዳ ስታወጣ አፍጥጬ ሳያት «ሙያተኛ ነሽ እንዴ?» አለችኝ። ሁለት ጥርስ ነው የተሞላልኝ። የከፈልኩት አንድ ዋጋ ነው፣ በ2025 ኤፕሪል የወጣው 75.30 ፓውንድ፤ በኤንኤችኤስ የክፍያ ሁለተኛ እርከን ውስጥ አንድም ተሞላ ሦስት ያው ነው አሉኝ። በ12 ወር ውስጥ ሙሌቱ ቢወድቅ እዚያው በነፃ ያስተካክሉታል። ግራ ጉንጬ አሁንም ደንዝዟል፣ ቡናዬን በስትሮ እየጠጣሁ ነው የምጽፍላችሁ።