ሲንኬ ተደፍኗል፤ የቀረውን ኬሚካል ልጨምር ወይስ ልፍታው?

የጠባሴዋ (ደብረ ብርሃን)
ሰላም ናችሁ? የወጥ ቤቱ ሲንክ ውኃ አላሳልፍ ብሏል። 55ቱን የጾም ቀን ምንም አላለም፤ የፋሲካ ዶሮ በተሠራ ማግስት ቀጥ አለ። ድስቱን ያጠብነው በቀዝቃዛ ውኃ ነው፣ አልዋሽም። ከሱቅ በፌስታል የታሰረ ነጭ ዱቄት ገዝቼ ግማሹን ጨመርኩ። ተንተከተከ፣ ሞቀ፣ ከዚያ ጸጥ። ውኃው አሁንም እንደቆመ ነው። ባለቤቴ «የፈላ ውኃና በረኪና ድፊበት» ይላል። ምን ትላላችሁ?

ቧንቧ ሠራተኛው
እህቴ፣ ሁለቱንም ተይው! በረኪና አሲድ ካገኘ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ፌስታሉ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ደግሞ አናውቅም። ከሞቀ ኮስቲክ ሶዳ ይመስለኛል። እሱ ቅባትን ወደ ሳሙና ይለውጣል፤ ግን መንገዱ ጭራሽ ከተዘጋ ላዩ ላይ ይተኛል እንጂ ውስጥ አይደርስም። የፈላ ውኃ ከጨመርሽበት ፊትሽ ላይ ይፈነጥቃል፣ የፒቪሲ ቱቦውንም ያለሰልሰዋል።
በጎማ መምጠጫም እንዳትገፊው፣ ዓይን ያጠፋል። ወፍራም ጓንትና መነጽር አድርጊ። ውኃውን በፕላስቲክ ጣሳ ቅጂ፤ አሉሚኒየም ኮስቲክ አይወድም፣ ይበላዋል። ከሲፎኑ (ከሲንኩ በታች ካለው ጠማማ ቱቦ) ሥር የፕላስቲክ ባልዲ አድርጊና ቀለበቱን በእጅሽ ፍቺ። ስትመልሺ በፒንሳ አታጥብቂ፣ ይሰነጠቃል። ጎማዋ እንዳትጠፋ። ሲፎኑ ንጹሕ ከሆነ ብቻ ረጅም የሚጠመዘዝ ሽቦ ፈልጊ።

ከሸዋ ሮቢት
እኛ ጋ ከሙቀቱ የተነሣ ቅቤ ሳህን ላይ ራሱ አይረጋም፣ ቱቦ ውስጥ ምን ሊያደርግ! የእኔን የደፈነው የቡና አተላ ነበር። አተላ ደግሞ በኬሚካል አይሟሟም፤ በእጅ ነው የወጣው።

የጠባሴዋ
ፈታሁት! እጄ እየተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፣ አይነገርም። ከዚያ እንደ ሻማ የደረቀ ነጭ ቅባት፣ የቱቦውን ቅርጽ ይዞ ሙሉውን ወጣ። መሐሉ ላይ የሽንኩርት ልጣጭና የዶሮ አጥንት ስባሪ ተሰክቷል። ዱቄቱ የነካው ከላይ አንድ ጣት ያህሉን ብቻ ነው፤ እዚያ ጋ ሳሙና መስሏል። ጠቅላላ ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። አሁን ድስት ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ይጠረጋል፤ ባለቤቴም ጭምር።
የተረፈውን ዱቄት ልጆች በማይደርሱበት ቆልፌበታለሁ። ባለ ሱቁ «የተሸጠ አልመልስም» አለኝ።