«ስኺርሞኒክኦኽ»፦ ዓይን ነው ደሴት?

የማዶዋ፦
ሰላም የቃል ወዳጆች። እዚህ ኔዘርላንድ የደች ቋንቋ ክፍል እማራለሁ። አስተማሪያችን «አንድ ኸሜንተ (የአካባቢ አስተዳደር ነው) መርጣችሁ ስለ ስሙና ስለ ታሪኩ ለክፍሉ ተናገሩ» አለችን። ትንሽ ከሆነ ታሪኩም አጭር ይሆናል ብዬ በሕዝብ ብዛት ከሁሉም የመጨረሻውን መረጥኩ፤ ስኺርሞኒክኦኽ ይባላል፣ ሰሜን ባሕር ዳር ያለ ደሴት ነው፤ ነዋሪው አንድ ሺህ አይሞላም። መዝገበ ቃላት ስገልጥ ጉድ ፈላ። «ስኺር» ማለት «ለጥቂት፣ ሊሆን ትንሽ የቀረው»፤ «ሞኒክ» መነኩሴ፤ «ኦኽ» ዓይን። ስገጣጥመው «ሊመነኩስ ትንሽ የቀረው ዓይን» ወጣ! ይህን ይዤ ክፍሉ ፊት አልቆምም። ድረሱልኝ።

ጉደኛው፦
ሊመነኩስ ትንሽ የቀረው ዓይን የእኔ ነው። ሑዳዴ ከገባ ወዲህ በሥጋ ቤት ደጃፍ ሳልፍ መሬት መሬቱን ነው የሚያየው።

ምንጭ አፍላቂ፦
ቀልዱ ይቆየንና፣ «ዓይን» መባሉ ያን ያህል አይገርምም። እኛስ ምንጭ የሚፈልቅበትን «የውሃ ዓይን» እንል የለ? መነኮሳቱ ጨው በሆነ ባሕር መሀል የሚጠጣ ውሃ ያገኙበት ቦታ ቢሆንስ?

ጋሽ ፊደሉ፦
ምንጭ አፍላቂ፣ ሐሳብህ ያምራል፤ ግን አይደለም። የማዶዋ፣ መዝገበ ቃላትሽም አልዋሸሽም። የነገረሽ የዛሬውን ደች ነው፤ ስሙ ደግሞ የዛሬ አይደለም።

ከኋላ ልጀምር። «ኦኽ» እዚህ ላይ ዓይን ሳይሆን ደሴት ነው። በአሮጌው የሰሜን ባሕር ዳርቻ ቋንቋ ከውሃ ጋር የተዛመደ ሥር ያለው ቃል ነበረ፤ ለብቻው መነገሩ ቀርቶ በቦታ ስም ጅራት ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ቀረ። ካርታ ክፈቺና በዚያው ጠረፍ ወደ ጀርመን ተሻገሪ፦ ላንገኦግ፣ ሽፒከርኦግ፣ ቫንገርኦገ። ሁሉም ደሴቶች ናቸው። ይህን ሁሉ ዓይን ካልሽው ባሕሩ መቶ ዓይና ሊሆን ነው! እንግሊዞች «አይላንድ» ሲሉም የመጀመሪያዋ «አይ» የዚሁ ቃል ዘመድ ናት። «ኤስ»ን እየጻፉ የማያነቧት ከፈረንሳይኛው ደሴት ተውሰው በኋላ ስለጨመሯት ነው። የአካባቢው ቋንቋ ፍሪዝኛ ደሴቲቱን «ስኪርሙንትስየኽ» ይላታል። አጋጣሚ ሆኖ በፍሪዝኛም ዓይንና ይህች ጅራት በድምፅ አንድ ሆነዋልና ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም።

«ስኺር» በጥንቱ አነጋገር ግራጫ ማለት ነበር። ዛሬ «ለጥቂት» የሚለው ብቻ ነው የቀረው። የዛሬውን ትርጉም ጥሩ አድርጎ የሚያሳይ ቃል ልስጥሽ፦ «ስኺርአይላንት»። ቃል በቃል «ደሴት ሊሆን ትንሽ የቀረው» ነው፤ እኛ ልሳነ ምድር የምንለው። እነሱ ያጣውን አዩ፣ እኛ ቅርጹን አየን። እኔ የእኛን እመርጣለሁ፣ አድልተሃል በሉኝ።

ግራጫዎቹ መነኮሳት ሲስተርሲያን የተባለው የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር ሰዎች ናቸው፤ ቀለም ያልነካው የበግ ጠጉር ይለብሱ ነበር። ገዳማቸው ክላርካምፕ ይባላል፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ኔዘርላንድ፣ በፍሪስላንድ የተመሠረተ ነው። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ይሳሳታል፤ የመነኮሳት ደሴት ሲባል ጣና ላይ ያለ ዳጋ እስጢፋኖስ ነው በዓይኑ የሚመጣው። ክላርካምፕ ግን ያለው የብስ ላይ ነው፤ ደሴቲቱ ከገዳሙ ይዞታዎች አንዷ ነበረች። የደሴቲቱ አርማ ላይ ዛሬም ያ መነኩሴ ቆሟል።

የቀረችው መካከለኛዋ ናት፣ ለእኔም ጣፋጯ እሷ ናት። «ሞኒክ» እና «መነኩሴ» ዘመዳሞች ናቸው። ግሪኩ «ሞናኮስ» ይላል፣ ብቸኛ ማለቱ ነው። አንዱ በላቲን በኩል ወደ ሰሜን ወጣ፤ ሌላው ወደ ግእዝ ወርዶ «መነኮስ» ሆነ። ከዚያ ረጅም ስም ውስጥ ሳታውቂው የምታውቂው ቃል ነበረሽ ማለት ነው።

የማዶዋ፦
ጋሽ ፊደሉ፣ እድሜ ይስጥልኝ! እንግዲህ «የግራጫ መነኮሳት ደሴት» ልበል?

የባላገር ልጅ፦
«ግራጫ» ከተማ ከተማ ይሸታል። ያልተነከረ የበግ ጠጉር እኮ ግራጫ አይደለም፤ ነጭ ሆኖ ነጭ ያልሆነ ነው። እኛ ዘንድ ፈረሱ እንዲያ ሲሆን ቡላ እንለዋለን፣ ላሚቱ አመድ ስትመስል ዳለቻ። ለመነኩሴው ቡላ ነው የሚስማማው።

ጉደኛው፦
«ቡላ መነኩሴ» ብላ ስትናገር የጉራጌ ልጅ ክፍሉ ውስጥ ካለ ምሳው ትዝ ይለዋል።

ጋሽ ፊደሉ፦
ለክፍሉ የምትናገረው በደች ነው፣ አትጨነቁ። ለአማርኛው ግን የባላገር ልጅ ልክ ነው፤ ቡላ።

የማዶዋ፦
ሌላ የቸገረኝ አለ። ይህች ደሴት ለብዙ ዘመን የግለሰብ ንብረት ነበረች ይላል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስታኾወር የሚባል ቤተሰብ ገዛት፣ ከ200 ዓመት በላይ ይዟት ቆየ። በ19ኛው አጋማሽ ባንክ የሚባል ሰው ገዛት (ስሙ ነው፣ ባንክ ቤት አይደለም)፤ በ1893 ደግሞ በርንስቶርፍ የተባለ ጀርመናዊ መስፍን። መንደርተኛው እየኖረባት መሬቱ የሌላ! ይህን በአማርኛ ርስት ልበለው ጉልት?

የባላገር ልጅ፦
ጉልት አይሆንም። ጉልት ንጉሥ ለአገልግሎት የሚሰጠው፣ ግብሩን የሚበሉበት ነው፤ በገበያ አይገዛም። ርስት ደግሞ በደም የሚወረድ ነው፤ ርስት ሸጦ የሄደ ሰው እኛ አገር ስሙ አይነሣም። ይህ ዝም ብሎ ግዥ ነው። «የአንድ ጌታ ይዞታ» በይውና እለፊው።

ጋሽ ፊደሉ፦
ባንክ ግን ስሙን ትቶ ሄዷል። ባሕር ይገባበት የነበረውን ሜዳ በግድብ ዘግቶ የእርሻ መሬት አደረገው፤ ዛሬም ባንክስፖልደር ይባላል። «ፖልደር» በግድብ ተከልሎ ውሃው የተጠነፈፈ መሬት ነው። ከእሱ ግሥ አውጥተው «ፖልደረን» ይላሉ፤ ሁሉ እስኪስማማ ቁጭ ብሎ መምከር። ውሃው ለሁሉም ጠላት ነውና ጎረቤት ተኳርፎ ግድብ አይጠግንም።

ከመስፍኑ እጅ የወጣችው በጦርነቱ ነው። በ1945 የኔዘርላንድ መንግሥት የጠላት ንብረት ብሎ ወረሳት። ነጻ በመውጣትም የመጨረሻዋ እሷ ነበረች፤ ጀርመኖች ኔዘርላንድ ውስጥ እጅ የሰጡት በሜይ መጀመሪያ ሲሆን ከደሴቲቱ የመጨረሻዎቹ የተነሡት ጁን 11 ነው። ከወር በላይ ተረስታ ማለት ነው።

ምንጭ አፍላቂ፦
«ኸሜንተ»ን ማንም አልነካውም። ማዘጋጃ ቤት ነው እንዴ?

ጋሽ ፊደሉ፦
ግማሹ ነው። የማዶዋ፣ ማዘጋጃ ቤት ቢሮ ነው፤ ትገቢበታለሽ፣ ተሰልፈሽ ወረቀት ትቀበያለሽ። «ኸሜንተ» ግን ቢሮውም፣ መሬቱም፣ ሕዝቡም ነው፤ ሥሩ «የጋራ» ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ምእመናንም በዚያው ቃል ነው የሚጠሩት። አንድ የአማርኛ ቃል አይሸከመውም፤ እንደየቦታው መበተን ነው። «ቡርኸሜስተር»ን ግን ያለ ሐሳብ ከንቲባ በይ። ከንቲባ ከጥንት የጎንደር ሹመት ነው፤ የእነሱም ሰውየ በንጉሡ ፊርማ ለ6 ዓመት የሚሾም እንጂ ሕዝብ በቀጥታ የሚመርጠው አይደለም። ሹመት ለሹመት ይገጥማል።

የማዶዋ፦
ተናግሬ መጣሁ! አስተማሪዋ ራሷ «እኔም ዓይን ይመስለኝ ነበር» ብላ አመነች። የሞኒክና የመነኩሴን ዝምድና ሰሌዳው ላይ በፊደላችን ስጽፍ ከኋላ የተቀመጠ የአሥመራ ልጅ እጁን አወጣና «እኛ ፈላሲም እንላለን» አለኝ። መነኩሴ ብቸኛ ከሆነ፣ ፈላሲ ከየት ወዴት ነው የሚፈልሰው? ጋሽ ፊደሉ፣ ይህን ደግሞ ከእርስዎ እጠብቃለሁ።