ወንድማማቾች በገንዘብ ሲኳረፉ ሽምግልናው ከምን ይጀመር?

ታናሽ እህት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለቱ ወንድሞቼ ከተኳረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ታናሹ ሱቅ ሲከፍት ታላቁ 180,000 ብር ሰጥቶታል። ታላቁ «ብድር ነው» ይላል፤ ታናሹ «ለሽርክና ያዋጣው ነው፣ ሱቁ ሲከስር አብሮ ከስሯል» ባይ ነው። ወረቀት የለም። ለአባታችን ሙት ዓመት ቤተሰቡ ከመሰብሰቡ በፊት ሽማግሌ ልናስገባ አስበናል። ስንት ሰው ይበቃል? ቂሙ ይቅደም ወይስ ሂሳቡ?

የሰፈር ሽማግሌ፦
ሦስት ይበቃል። አንድ አንድ ይምረጡ፣ በሦስተኛው ሁለቱም ይስማሙ። ከአንዱ ጋር የሚነግድ፣ ብድር ያለበት ወይም አማች የሆነ አይግባ። እናታችሁም ዳር ይሁኑ፤ እሳቸው ሲያለቅሱ ሁለቱም «እሺ» ይላሉ፣ ነገሩ ግን እዚያው ይቀራል።

መጀመሪያ ለየብቻ፣ ቢቻል በተለያየ ቀን ይደመጡ። ሽማግሌዎቹ ሁለቱም የማይክዱትን ይለዩ። መጠኑና ቀኑ ካላከራከረ የሚቀረው «ብድር ወይስ መዋጮ» የሚለው ብቻ ነው። ታላቁ ከትርፉ ተካፍሎ ያውቃል? ስለ ዕቃ ግዢና ስለ ኪራይ ይማከር ነበር? አዎ ከሆነ ወደ ሽርክና ያደላል። በየወሩ ቁርጥ ያለ ብር ሲመለስለት ከነበረ ደግሞ ወደ ብድር። በባንክ የተላለፈውን የሂሳብ መግለጫ አውጥተው ይምጡ።

ሂሳቡ ሳይጣራ «በሉ ተሳሳሙ» የሚል ሽማግሌ አታስገቡ። እንዲህ ያለ እርቅ ገንዘቡ በተነሳ ቁጥር ይፈርሳል።

ሰላም ወዳድ፦
ሂሳቡ ይጣራ፣ ግን አይቅደም። የዘመድ ጥል የሥጋ ትል ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ከገንዘቡ በታች አንድ የተነገረ ቃል አለ። ሽማግሌዎቹ «ገንዘቡን ለጊዜው ተዉትና፣ ምን ተባባላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። «ሌባ» የተባለ ሰው 180,000 ብር ቢሰረዝለት እንኳ አይታረቅም።

ይቅርታው ጥፋቱን በስሙ ይጥራ። «አስቀይሜህ ከሆነ ይቅርታ» የሚለው ጥፋቱን አላመነም፤ ተበዳዩ ወዲያው ያውቀዋል። «በሚስትህ ፊት ሌባ ያልኩህ አጥፍቼ ነው፣ ይቅር በለኝ» ሲል ግን ሌላው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ለማለት መንገድ ያገኛል። ስድቡ በሰው ፊት ከነበረ ይቅርታውም በእነዚያው ሰዎች ፊት ይሁን።

ጠበቃ፦
ስለ ወረቀቱ ልጨምር። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት (ዕዳውን በማመን) ወይም መሐላ ነው። ስለዚህ ታላቁ በክስ መንገድ የሚያገኘው ጠባብ ነው። ታናሹ ይህን እንደ ጋሻ እንዳይዘው አደራ፤ ሕግ ማስረጃ አጣ ማለት ዕዳ የለም ማለት አይደለም።

የተስማሙበትን ጻፉት። ሁለት ወገን ከያዙት ጥቂት ጥቂት ለቀው ክርክር የሚዘጉበት ውል በዚሁ ሕግ ከቁጥር 3307 ጀምሮ አለ። ገንዘቡ በአኃዝና በፊደል፣ የሚከፈልበት ቀንና የባንክ ሂሳብ ቁጥር፣ አንድ ወር ቢታለፍ ምን እንደሚሆን ይግባ። ሽማግሌዎቹ ሲፈርሙ «ምስክር» ተብሎ ይጻፍ፤ «ዋስ» ከተባለ ዕዳው ወደ እነሱ ይዞራል። ለምሳሌ 120,000 ላይ ከተስማሙ በወር 5,000 ቢከፈል በ24 ወር ያልቃል። የወሩን ክፍያ የምትወስኑት ገበያ በቀዘቀዘበት ወር በሚተርፈው ልክ ነው፤ በጥሩ ወር ልክ የተቆረጠ ክፍያ በሦስተኛው ወር ይቋረጣል፣ ኩርፊያውም ይመለሳል።

ታናሽ እህት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታላቁ «ሽማግሌ አልቀበልም» ቢልስ?

የሰፈር ሽማግሌ፦
በአንድ ጊዜ ሦስት ሰው ደጁ አይቁም፤ የተከሰሰ ይመስለዋል። ማቴዎስ 18 ላይ ቅደም ተከተሉ አለ፦ መጀመሪያ ብቻ ለብቻ፣ ካልሆነ አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምሮ። እሱ የሚያከብረው አንድ ሰው፣ ለምሳሌ የንስሐ አባቱ፣ ብቻቸውን ይሂዱ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ታረቅ» ሳይሆን «ምን ቢሆን ደስ ይልሃል?» ይሁን። እንቢ ካለ ሳምንት ቆይቶ እንደገና፤ ሽማግሌ ሦስቴ መመላለሱ ነውር የለውም።

ሁለቱን ሳይነግሩ አንድ ቤት ጠርቶ ማገናኘት ግን ይቅርባችሁ። አንዱ ጥሎ ይወጣል፣ ቀጥሎ ቡና ጠጡ ብትሏቸውም አይመጡም። ቀጠሮውንም ከሙት ዓመቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሙት፤ አንድ ቀን ባይበቃ ሁለተኛ ቀን እንዲተርፋችሁ።