እማዬ ቡና ማፍላት ትታለች፣ እርጅና ነው ወይስ ድብርት?

ጠያቂ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ አባቴ አምና ካረፈ ወዲህ ቀስ በቀስ ሁሉን ነገር እየተወች ነው፣ መጀመሪያ ገበያ መሄድ ተወች፣ ከዛ የእድር ክፍያ መርሳት መጣ፣ አሁን ጀበናዋ መደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። አታለቅስም፣ ከፍቶኛልም አትልም፣ ስጠይቃት ወገቤን ጉልበቴን ራሴን ነው። እንዳትደክም ብዬ ሰራተኛ ቀጠርኩላት፣ ጭራሽ ባሰባት፣ ሶፋው ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ነው የምትውለው። ጎረቤት "እድሜ ነው ተያት" ይለኛል፣ እውነት እድሜ ነው?

ነርስ ነኝ፦
እህቴ በፍጹም እንዳትተያቸው። በሽማግሌና በአሮጊት ላይ ድብርት ብዙ ጊዜ በለቅሶ አይመጣም፣ በወገብ ህመም፣ በእንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ በመዝጋት ነው ሚመጣው። ቀድመው የሚቀሩትም አንቺ ያልሻቸው ናቸው፣ ገንዘብ መያዝ፣ ገበያ፣ ምግብ ማብሰል፣ መድሃኒት በሰዓቱ መውሰድ፣ መታጠብና መልበስ የሚቸግረው ቆይቶ ነው። ስራ ሲቀር ድብርቱ ይብሳል፣ ድብርቱ ሲብስ ደግሞ ሌላ ስራ ይቀራል። ሐኪም ጋ ውሰጃቸው፣ ለአረጋውያን የተዘጋጀ አዎ ወይ አይደለም ብቻ የሚመለስ 15 ጥያቄ አለ፣ ደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢና ቫይታሚን ቢ12ም ይታይላቸው፣ መርሳቱንም ለሐኪሙ ንገሪ። አሚትሪፕቲሊን የሚባለው የቆየ የድብርት መድሃኒት ከታዘዘ ግን ጠይቂ፣ በዚህ እድሜ ሲነሱ አዙሮ ይጥላል። መኖር ሰለቸኝ ካሉ ቀጠሮ አትጠብቂ በዛኑ ቀን ሂጂ።

የመርካቶ ልጅ፦
ፀበል ብትወስጃትስ? የኔ አክስት በሱ ነው የዳነችው

ነርስ ነኝ፦
ፀበሉም ይሁን፣ ህክምናው ግን አይቋረጥ

ሰናይት፦
የኔም እናት እንደዛ ሆና ነበር፣ ስራውን ሁሉ ከእጇ የቀማኋት እኔ ነበርኩ፣ እንድታርፍ ብዬ። መድሃኒቱ ለመስራት አምስት ስድስት ሳምንት ፈጀ፣ እስከዛ በየቀኑ ጥሬ ቡና በሰፌድ አቀርብላታለሁ፣ ልቀሚልኝ ብቻ እላታለሁ፣ አንዳንዴ አምስት ፍሬ ለቅማ ትተወዋለች፣ እኔም ዝም። አንድ ቀን ልጅቷ ስትቆላ "ኧረ አሳረርሽው!" ብላ ተነስታ መቁያውን ከእጇ ነጠቀቻት፣ እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ሰራተኛዋን አታሰናብቻት፣ ቡናውን ብቻ ለእማዬ መልሺላት።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ሐሙስ ሐኪም ጋ ይዣት እሄዳለሁ። ጀበናውን አሁን አጥቤ አጠገቧ አስቀመጥኩት፣ ምንም አላለችም ግን ክዳኑን አንስታ ውስጡን አየችው።